ኤን 95 ወይስ «ፀረ ባክቴሪያ ናኖ»? ጎንደር ላይ ማስክ ለሚገዛ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው የተኙ ጎረቤታችንን ሊጠይቅ ሲነሳ፣ ፒያሳ ካለ ፋርማሲ ሁለት ማስክ ገዝቶ መጣ። አንዱ ኤን 95፣ ሌላው «ናኖፋይበር፣ ፀረ ባክቴሪያ» የተጻፈበትና ዋጋው ከፍ ያለ። «አጎቴ፣ የትኛው ይሻላል?» ሲለኝ መቀስ አምጣ አልሁት።

ኤን 95ቱን ቆረጥሁት። ከመሃሉ ጥጥ የሚመስል ስስ ንጣፍ ወጣ፤ ብጣሽ ወረቀት ሳስጠጋለት ሳብ አድርጎ ያዘው። ምስጢሩ ይኸው ነው። የንጣፉ ክር ከ1 እስከ 5 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ስለሚወፍር ክፍተቱ ሰፊ ነው፤ 0.3 ማይክሮሜትር የሚያህለውን ብናኝ ቢያንስ 95% የሚያስቀረው በአብዛኛው ክሩ ላይ ባለው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። አልኮል ከተረጨበት ቻርጁ ይጠፋል። መልኩ ስለማይለወጥ ግን ሰው «አጸዳሁት» ብሎ በማግስቱ መልሶ ያጠልቀዋል።

የናኖፋይበሩ ክር ከመርፌ ጫፍ በሺዎች ቮልት እየተሳበ የሚደርቅ የፖሊመር (ፕላስቲክ መሰል ነገር) ፈሳሽ ነው፤ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ናኖሜትር፣ ማለትም ከአንድ ማይክሮሜትር በታች ቢሆን ነው። በዋናነት የሚያጣራው በክሩ ቅጥነት ስለሆነ አልኮል እንደዚያኛው አያዳክመውም። በእጅ ካሹት ግን እንደ ሸረሪት ድር ይበጠሳል።

«ፀረ ባክቴሪያ» የሚለውስ? ክሩ ላይ ብር፣ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚወጣ ካይቶሳን ይጨመራል። ይህ የሚጎዳው ክሩ ላይ ያረፈውን ባክቴሪያ ነው፤ ያውም በሰዓታት። በአፍንጫ ጎን ሾልኮ የሚገባውን አየር አይነካውም። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ «99.9% ይገድላል» ብሎ ስንት በመቶ እንደሚያጣራ ካልጻፈ እኔ ገንዘቤን አላወጣም። ፀረ ባክቴሪያው ናኖፋይበር ለቁስል መሸፈኛ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እርጥብ ቁስል ላይ ቀናት ስለሚቆይ መድኃኒቱ ሥራ አለው። እዚያ ላይ «ስቴራይል» (ከጀርም የጸዳ) የሚለውንና ማብቂያ ቀኑን ማየት ነው።

ሕሙም ለመጠየቅ በደንብ የገጠመ ኤን 95 ይበቃል። በየቀኑ አቧራ ወይም የወፍጮ ብናኝ ለሚውጥ ሰው፣ የማጣሪያ ቁጥሩና ስንት ጊዜ እንደሚጸዳ ከተጻፈበት ናኖፋይበሩ ያዋጣል።

ልጁን መጀመሪያ ጢሙን አስላጨሁት፤ ጢም ካለ ማስኩ ፊት ላይ አይገጥምም። ከዚያ ሌላ ኤን 95 ገዛ፤ የቆረጥሁት እኔ ስለሆንሁ ሂሳቡም የእኔ ሆነ።