ለአሮጌ የጀልባ ሞተር ብሎን ፍለጋ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ማን ምን ሠራልኝ

ከመጨረሻው ልጀምር። ደሴ ብሎን የሚሸጥ ሱቅ ሞልቷል፤ ብሎን የሚለካ ሰው ግን ጥቂት ነው። የሚለካውን ካገኛችሁ ሌላው ቀላል ነው። ካላገኛችሁ "አብሽር፣ ይኸው ነው" ተብላችሁ የማይሆን ብረት ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሳውዝሃምፕተን ነው። ከጓደኛዬ ጋር በጋራ የገዛናት አሮጌ ጀልባ አለችን። ሞተሯ ፐርኪንስ 4.108 የሚባለው ናፍጣ ነው፤ ፒተርቦሮ ከተማ የተነደፈ፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ወደ 50 የፈረስ ጉልበት ያለው። 108 ያሉት በኪዩቢክ ኢንች ለክተው ነው፤ በሊትር 1.76 ገደማ ይመጣል። ከስሙ እንደምታዩት ነገሩ ሁሉ በኢንች ነው፣ ብሎኖቹም ጭምር። የጭስ ማውጫውን ማኒፎልድ፣ ማለትም ከሲሊንደሮቹ ጭስ የሚሰበስበውን ቧንቧ፣ ከቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ ክዳን) ጋር የሚይዙት ስታዶች፣ ማለትም ራስ የሌላቸው ብሎኖች፣ ጨው በልቷቸው ኖሮ ልንፈታቸው ስንሞክር ገሚሶቹ ተሰበሩ።

የስታድ ጣጣው ሁለት ጫፉ የተለያየ መሆኑ ነው። ወደ ብረቱ የሚገባው ጫፍ ሰፋ ያለ ጥርስ አለው፣ ዩኤንሲ ይሉታል። ዳዶ የሚታሰርበት ጫፍ ጥርሱ ደቃቅ ነው፣ ዩኤንኤፍ። እንግሊዝ አገር ተራ የኢንች ብሎን ጠፍቶ አይደለም፤ በኢንተርኔት አዝዘህ ቤትህ ይመጣል። የኔዎቹ ግን ርዝመታቸው ተራ አይደለም፣ የምፈልገውም ጥቂት ፍሬ ነው፣ እና አንድ ተርነር፣ ብረት በማሽን የሚቀርጽ ባለሙያ፣ የጠየቀኝን ሒሳብ ስሰማ ብሎኑን ሳይሆን ማሽኑን የሚሸጥልኝ ነው የመሰለኝ። የእህቴ ልጅ ሰርግ ደርሶ ስለነበር የተሰበሩትንም የዳኑትንም በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ መጣሁ። እግረ መንገዴን፣ እንዲህ ያለ ነገር በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክተቱት። በእጅ ሻንጣ የተጠቀለለ ብረት ይዞ መፈተሻ ላይ ማብራራት አድካሚ ነው።

ዋጋ አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ፣ የዛሬ ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አንባቢ አይጠቅምም።

መጀመሪያ የገባሁት ሸዋ በር አካባቢ ካሉ የመለዋወጫ ሱቆች አንዱ ጋ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ልጁ የ5/16 ብሎኔን አገላብጦ አየና ከመደርደሪያው ኤም8 አወጣ፤ ይህ በሚሊ ሜትር የሚለካው፣ ሜትሪክ የሚሉት ብሎን ነው። "እሱ ራሱ ነው ወንድም፣ አብሽር።" እሱ ራሱ አይደለም። 5/16 ኢንች 7.94 ሚሊ ሜትር ነው፣ ኤም8 ደግሞ 8። ይህን ልዩነት በዓይን የሚያይ ሰው የለም። የሚለያቸው ጥርሱ ነው። ተራው ኤም8 ከአንዱ ጥርስ እስከ ሌላው 1.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዩኤንሲው 1.41፣ የዩኤንኤፉ 1.06። ዳዶውን ስታስገቡ አንድ ሁለት ዙር እሺ ብሎ ይሄዳል፣ ከዚያ ይነክሳል። በቁልፍ ካስገደዳችሁት መግባቱን ይገባል፣ ግን የብሎኑን ጥርስ እየላጠ ነው። የታሰረ ይመስላል። ሞተሩ ሞቆ ሲንቀጠቀጥ ይላቀቃል።

ይህን ስነግረው "ኧረ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያስረው" አለኝ። እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። ልተወው ስል ደግሞ ዕቃው ከወጣ አይመለስም ብሎ ሊያስከፍለኝ ሞከረ፣ ገና ባንኮኒው ላይ እያለ! ለዚህ ሱቅ ዜሮ።

ብሎኑን ባለማወቁ ግን በልጁ አልፈርድም። በዚህ መንገድ ስንት ዘመን ሲመላለስ የኖረው የጣሊያኑ ፊያት፣ ኤንትሬው፣ ሜትሪክ ነው። ዛሬ የሚመላለሰው ቶዮታ፣ አይሱዙና ሲኖትራክም እንደዚያው። ኢንች የቀረው በአሮጌ ላንድሮቨርና በአሮጌ ትራክተር ላይ ነው፤ እነሱ ደግሞ በየቀኑ ሱቅ ደጃፍ አይቆሙም።

ነገሩ የተቃናልኝ ትራክተር ሲነሳ ነው። የአጎቴ ልጅ ድሮ የእርሻ መሣሪያ መለዋወጫ ይነግዱ የነበሩ ባልና ሚስት ያውቃል። ባልየው አርፈዋል፣ ሚስቲቱ አሁንም ያችኑ ጠባብ ሱቅ ይዘው ተቀምጠዋል። ብሎኑን ገና ከጨርቁ ሳወጣው "ይሄ የማሲ ነው፣ ከየት አመጣኸው ልጄ?" አሉኝ። የጀልባ ነው ስላቸው ሳቁ። "ጀልባህ ሐይቅ ነው ያለው?" ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሐይቅ እያለ ሌላ ምን ይጠይቁ? ሳውዝሃምፕተን ነው ብላቸውም ብዙ አልደነቃቸውም።

ታሪኩን ይወቁት አይወቁት እንጃ፣ ግን ልክ ናቸው። ማሲ ፈርጉሰን የፐርኪንስን ኩባንያ የገዛው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ የማሲ ትራክተር በፐርኪንስ ሞተር ነው የሄደው። ስለዚህ የጀልባዬ ዳዶ ሲፈለግ የኖረው እዚህ ማሳ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። እናትየው ከመደርደሪያው ሥር የኒዶ ቆርቆሮ አወጡና ጋዜጣ ላይ ዘረገፉት። ከዚያ ያደረጉት ነገር ነው ሱቃቸውን የሚለየው። "ይሆናል" አላሉም። አሮጌውን ብሎን ይዘው እያንዳንዱን ዳዶ በጣታቸው እስከ መጨረሻው አዞሩት። በጣት ያልሄደውን ወደ ጎን ጣሉት። እኔ ይሄ ደህና ነው ብዬ ያነሳሁትን አንዱን እንኳ "ተው፣ ይቺ ትይዛለች" ብለው ከእጄ ወሰዱት።

እዚያው ቆርቆሮ ውስጥ ራሳቸው ላይ ጭረት ያላቸው ብሎኖች ነበሩ። ይህን ለማያውቅ ልንገር። በኢንቹ ዓለም ሦስት ጭረት ማለት ደረጃ 5 ነው፣ ስድስት ጭረት ደረጃ 8፣ ይኼኛው የበለጠ ጠንካራ። ምንም ጭረት ከሌለው ለስላሳ ነው ብላችሁ ያዙት። በሜትሪክ ደግሞ 8.8፣ 10.9፣ 12.9 ተብሎ ይጻፋል። የመጀመሪያው 8 ብሎኑ እስኪበጠስ የሚችለው ጉተታ ነው፣ 800 ሜጋ ፓስካል። ከነጥቡ በኋላ ያለው 8 ተለጥጦ ሳይቀር የሚመለስበት ልክ ነው፣ የዚያ 80 በመቶ። ቁጥር የሌለውን ብሎን ለአልጋ ግዙት እንጂ ለሞተር አትግዙ።

ዳዶዎቹን ከእሳቸው ገዛሁ። ስታዱን በተመለከተ "ኢንች የሚያወጣ ቶርኖ ከፈለግህ ኮምቦልቻ ውረድ" አሉኝ፤ ቶርኖ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው ማሽን ነው። ደሴም ቶርኖ ቤት አለ። ግን ጨርቃ ጨርቁም ቢራውም ኢንዱስትሪ ፓርኩም ያለው ኮምቦልቻ ነው፤ ፋብሪካ ባለበት ደግሞ ጥሩ ተርነር አይጠፋም።

ሚኒባሱን ባጭሩ። ሲሞላ ይነሣል፣ ሐረጎን ይወርዳል፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ የለበሳችሁትን ጃኬት ኮምቦልቻ ስትደርሱ ታወልቃላችሁ። ስወርድ የተሳፈርኩበት ሹፌር ጠመዝማዛው ላይ ስልክ ያወራ ነበር፤ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት "ልጄ፣ እኛም የሚደወልልን ሰው አለን" ሲሉት ዘጋው። መኪናው ሙሉ ሳቀ።

ቶርኖ ቤቱ ከውጭ ምንም አይመስልም። ባለቤቱ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ከሥራቸው ያሉት ልጆች "ጋሼ" ነው የሚሏቸው፣ እኔም ጋሼ አልኳቸው። ስታዱን ተቀብለው መጀመሪያ ያደረጉት በናፍጣ ማጠብ ነው። ቀጥሎ በካሊፐር ለኩ፣ ቀጥሎ የጥርስ መለኪያውን ምላጭ አስገብተው ብርሃን ላይ ያዙት። ብርሃን ካላሳለፈ ልክ ነው። ይህን ሁሉ ሳይጨርሱ ዋጋ አልተናገሩም።

አንድ ምክር እዚህ ላይ። ኢንች የምታስወጡ ከሆነ ተርነሩን "ባለ 127 ማርሽ አለህ?" በሉት። የቶርኖው መሪ ብሎን፣ ማለትም ቢላውን እየገፋ የሚወስደው ረጅሙ ብሎን፣ ሜትሪክ ሲሆን ትክክለኛ የኢንች ጥርስ ለማውጣት 127 ጥርስ ያለው ማርሽ ያስፈልጋል። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው፣ በ5 ሲባዛ 127 ይመጣል፣ ሚስጥሩ ይኸው ነው። ስጠይቃቸው ጋሼ መልስ አልሰጡኝም፤ ሳጥን ከፍተው ትልቁን ማርሽ አሳዩኝ። ሲቆርጡም አየሁ። አንዱን ዙር ጨርሰው ለሚቀጥለው ሲመለሱ መያዣውን ከመሪው ብሎን አይፈቱም፤ ማሽኑን ራሱን ወደኋላ ያዞሩታል። ከፈቱት የሚቀጥለው ቁርጥ ከበፊቱ ጥርስ ጋር አይገጥምም። ትዕግሥት የሚጨርስ ሥራ ነው። አንድም ጊዜ አላቋረጡም።

የብረቱ ጉዳይ ላይ ትንሽ ተከራከርን። እኔ የፈራሁት መዋቅር የሚሠራበትን ለስላሳ ብረት እንዳይቀርጹልኝ ነበር። እሳቸው ከጥግ ወፍራም የሲኖትራክ ብሎን አንሥተው ራሱን አሳዩኝ፣ 8.8 ይላል። "ፋብሪካ የጻፈው እያለ ምን ትጨነቃለህ?" አሉኝ። ያንን ቀጭን አድርገው ቀረጹት። ብልህ ነገር ነው። ጥንካሬው ከፋብሪካ እሳት አይቶ የመጣ ስለሆነ አይጠፋም፣ በሥራ ላይ ካላጋሉት በስተቀር፤ ለዚህም ውሃውን ሳያቋርጡ እያፈሰሱ ነው የሠሩት።

ከሁሉ በላይ ያከበርኳቸው ግን በእምቢታቸው ነው። እግረ መንገዴን የቢየላ ብሎንም (ቢየላ ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው ክንድ ነው) ይሠሩልኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "አልሠራም፣ እሱን ከፋብሪካው አስመጣ" አሉ፣ በቃ። ልክ ናቸው። የፋብሪካ ብሎን ጥርሱ በመጫን የተንከባለለ ነው፣ በቶርኖ የሚወጣው ደግሞ ተቆርጦ ነው። የተቆረጠ ጥርስ በየሥሩ ቶሎ ይሰነጠቃል። ማኒፎልድ ላይ ያለ ስታድ ቢላቀቅ ጭስ ያፈስሳል። የቢየላ ብሎን ቢበጠስ ሞተሩ ሆዱን ቀዶ ይወጣል። ገንዘቤን ሊወስዱ ሲችሉ እምቢ ያለ ባለሙያ በብዙ ቦታ አላጋጠመኝም።

ቀብድ ግማሽ ከፈልኩ፣ በቴሌብር። ደረሰኝ አልነበረም፣ ይህን እቆጥርባቸዋለሁ። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ደግሞ ስልክ ደወሉ፦ "መብራት የለም፣ ዛሬ ባትወርድ ይሻልሃል።" እንግሊዝ አገር ስንት ድርጅት ሳይደውልልኝ አስጠብቆኛል!

አሁን ወደ ማማረሩ። አይዝጌ ብሎን ለውኃ ፓምፑ ፈልጌ ነበር። ለባሕር ውኃ የሚሆነው ኤ4 የሚባለው ነው፤ ሞሊብዲነም ስላለበት ጨው ከተራው ኤ2 በተሻለ ይቋቋማል። ደሴ ስላላገኘሁ አዲስ አበባ ያለ አንድ ነጋዴ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ፣ ራሱ ላይ ኤ4 ተብሎ የተጻፈበት። በአውቶቡስ ተልኮ የመጣው ግን የሚያብለጨልጭ፣ ምንም ያልተጻፈበት ብሎን ነው። ማግኔት ሳስጠጋው ጠብ ብሎ ተያዘ። ኤ4 እንዲያ አይያዝም። ዚንክ የተቀባ ተራ ብረት ነው። ስደውል "እኛ ጋ አይዝጌ የምንለው እሱን ነው" አለኝ። ገንዘቤ እስካሁን አልተመለሰም። ኪሳችሁ ውስጥ ትንሽ ማግኔት ያዙ፣ ክፍያውንም ዕቃው እጃችሁ ከገባ በኋላ አድርጉት።

ለኢንጀክተሮቹ (ናፍጣ ወደ ሲሊንደር ለሚረጩት) የመዳብ ሮንደላ፣ ማለትም ከሥር የሚገባ ቀለበት፣ ያገኘሁት ደሴ፣ ራዲያተር ከሚበይድ ልጅ ነው። ከመዳብ ቆርቆሮ ቆርጦ ሠራልኝና በእሳት አግሎ ውኃ ውስጥ ጣለው። ብረት እንዲህ ቢደረግ ይጠነክራል፤ መዳብ ይለሰልሳል፣ ሮንደላ ደግሞ መለስለስ አለበት፣ ካልለሰለሰ አይደፍንም። ልጁ ይህን ሳልነግረው ነው ያደረገው። ጠርዙ ትንሽ ሻካራ ነበር፤ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እኔው አስተካከልኩት።

ሳውዝሃምፕተን ተመልሰን ገጠምናቸው። የኮምቦልቻዎቹ ስታዶች በሙሉ በጣት ገቡ። አንዱ ከሌሎቹ ትንሽ ይረዝማል፣ ተጨማሪ ሮንደላ ጣልንበት። ዝገት መከላከያ ቅብ የሚቀባ ሰው ኮምቦልቻ ላይ ስላላገኘሁ ሙቀት የሚችል ቀለም ቀባናቸው፤ ጥርሱን ግን በግራፋይት ግሪስ ነው የሞላነው፣ ሌላ ጊዜ ሲፈታ እንዳይሰበር። ጭሱ ቆሟል።

ወደ ቶርኖ ቤቱ ለምትሄዱ፦ ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት አትሂዱ፣ ጁምዓ ላይ ናቸው። እሑድ ልጆቹ ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄዱ ዝግ ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋት ጠዋት፣ መብራት ካለ። አሮጌውን ብሎን ሳትይዙ ፎቶ ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ አያስተናግዷችሁም፣ እኔም እንዲያስተናግዷችሁ አልመክራቸውም።