ሐረጎን ያልወጣ ቫን አትግዙ፦ አባዱላ፣ አዲሱ ሃይስ ወይስ ስፕሪንተር?

ሻጩ ቁልፉን እየሰጠኝ «እዚሁ ዞር ዞር በልበትና ተመለስ፣ ይበቃሃል» አለኝ። ያለነው ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ነው። ሜዳ ላይ ደግሞ ሁሉም መኪና ጎበዝ ነው። ወደ ደሴ ልውጣበት ስለው ፊቱ ተለዋወጠ። ነዳጅ ነው፣ ሰዓት የለኝም ነው፣ ጎማው አዲስ ነው፣ ያልደረደረው ምክንያት የለም። ቁልፉን መልሼለት ሄድኩ። እናንተም ሐረጎን፣ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት፣ አላስነዳም የሚል ሻጭ ሲገጥማችሁ እንደዚሁ አድርጉ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ከባለቤቴና ከትንሿ ልጃችን ጋር ሐይቅ፣ ባቲ፣ ሲመቸንም ላሊበላ ድረስ እየሄድን የምናድርበት መኪና ልሠራ ነው። ከኋላ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ የውሃ ጀሪካን፣ ጣሪያው ላይ ሶላር። ተሠርቶ ያለቀ የሚሸጥበት ቦታ ስለማላውቅ ቫኑን ገዝቼ ከበያጅና ከአናጺ ጋር ነው የምጨርሰው። አልጋው ቢበላሽ ይፈርሳል፣ ይሠራል። መኪናው ከተሳሳተ ግን አለቀ። ስለዚህ ሜትርና ፍራሽ ይዤ ሦስት መኪና ነዳሁ። ፍራሹን ያየ ሁሉ ሳቀብኝ። ይሳቁ።

ካገራችን እውቅ እንጀምር፣ አባዱላ። ረጅሙን ሃይሩፍ፣ ጣሪያው ከፍ ያለውን የቶዮታ ሃይስ ማለቴ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን ቅርጽ። ርዝመቱ 5.38 ሜትር፣ ስፋቱ 1.88 ነው። ወንበሩ ወጥቶ ባዶውን ሲሆን ውስጡ ወደ 3.5 ሜትር ርዝመት፣ 1.73 ስፋት፣ 1.63 ቁመት አለው። እኔ 1.76 ነኝ፣ ስለዚህ ሽንኩርት የምከትፈው አጎንብሼ ነው። ባለቤቴ ጫማዋን አውልቃ ቀጥ ብላ ቆመችና «እኔስ ተመችቶኛል» አለች። ግን ወለሉ ኮምፔርሳቶ፣ ጣሪያው ፎም ሲለብስ ቢያንስ አምስት ሳንቲ ይሄዳል፣ ያኔ ፀጉሯ ጣሪያ ይጠርጋል። በወርድ መተኛት አይታሰብም፣ ግድግዳው ሲለብስ 1.73ቷም ትቀንሳለች። ፍራሹን በቁመት ዘረጋነው። ከእግራችን በኩል ለምድጃና ለዕቃ ከሜትር ተኩል በላይ ተረፈ። ልጅቷ የተረፈውን ቦታ «ሳሎን» አለችው።

አሁን ሞተር። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አባዱላ ሁሉ አንድ አይደለም። 3.0 ሊትሩ 5ኤል ናፍጣ ቱርቦ የለውም። 2.5 ሊትሩ ቱርቦ አለው። በወረቀት ብታዩት ትልቁ ሞተር ይሻላል ያስብላል። ሐረጎ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ወደ 2,500። ደሴ ስትደርሱ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ሳስቷል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ያገኘውን አየር ብቻ ነው የሚተነፍሰው። ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። ቱርቦ ያለው አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ብዙም አይሰማውም። 5ኤሉ መጥፎ ሞተር ነው እያልኩ አይደለም፣ ቻይ ነው፣ ማንም መካኒክ ይፈታዋል። በላዩ ላይ ግማሽ ቶን አልጋና ቁም ሳጥን ጭናችሁ ጣርማበርን እንዲወጣላችሁ ስትጠብቁ ግን ትዕግሥት ያስፈልጋችኋል።

ባዶ መኪና መፈተን ደግሞ ራስን ማታለል ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፣ ባትሪው ከባድ ነው፣ እንጨቱም እንደዚያው። ባለ ቱርቦውን የነዳሁት ጎረቤቴ ለግንቡ ያስመጣውን ሲሚንቶ 10 ከረጢት ጭኜ ነው፣ 500 ኪሎ መሆኑ ነው። ባለመኪናው ጥሩ ሰው ነበር፣ ላስቲክ አንጥፈን «አብሽር፣ ጫን» አለኝ። ዳገቱን በሁለትና በሦስት ማርሽ ሳይጨነቅ ወጣ። ስንወርድ ግን የፍሬን ሽታ መጣ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ በከባድ ማርሽ መያዝ ሲገባኝ በአራተኛ ለቅቄው በፍሬን ብቻ እታገል ነበር። ቆም ብለን አቀዘቀዝንና በሁለተኛ ወረድን፣ ሽታውም ጠፋ። አባዱላ ጋቢና ውስጥ ሞተሩ ከወንበሩ ሥር ነው። ሙቀቱም ድምፁም ወደ እናንተ ይመጣል፣ የፊት ወንበሩንም ወደ ኋላ አዙራችሁ ሳሎን ልትሠሩበት አትችሉም። በሌላ በኩል መርሳም ብትቆሙ፣ ከሚሴም ብትቆሙ መለዋወጫውን የሚያውቅ ሰው አለ። ይሄን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት።

ሁለተኛው አዲሱ ሃይስ ነው፣ አፍንጫ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው። የነዳሁት ዜሮ ዜሮ ነበር። ረጅሙ 5.915 ሜትር ነው፣ ከአባዱላ በግማሽ ሜትር ይበልጣል፣ ስፋቱም 1.95 ነው። ሞተሩ ወደ ፊት ስለሄደ ጋቢናው ጸጥ ያለ ነው፣ ከጉልበታችሁ ፊትም ብረት አለ። በአባዱላ ግጭት ሲመጣ መጀመሪያ የሚደርሰው እግር ላይ ነው፣ እውነቱን እንነጋገር። 2.8 ሊትሩ ቱርቦ ናፍጣ ሐረጎን እንደ ሜዳ ነው የወጣው። ሲሚንቶ ጫኑበት ስላልተባለ ዘመድ ጫንን፣ ሰባት ሰው። አክስቴ መሀል ላይ ተኛች፣ ደሴ ፒያሳ ስንደርስ ነው የነቃችው። ከዚህ የተሻለ የምቾት መለኪያ አላውቅም። ቁመቱ ግን ከውጭ ከአባዱላ ብዙም አይለይም፣ 2.28 ነው፣ እኔ አሁንም ጎንባሳ ነኝ። ጥያቄው ገንዘብ ነው። አዲስ መኪና ገዝቶ ወንበሩን መንቀል፣ ላሜራውን ለሶላር መብሳት እጄን ያንቀጠቅጠዋል። ሳምንቱን ሰው እየጫነ ሠርቶ ለዕረፍት ቀን ብቻ አልጋ ለሚዘረጋበት ሰው ግን ከዚህ የሚሻል የለም።

የመርሴዲሱ ስፕሪንተር ሌላ ዓለም ነው። ገብቼ ቆምኩ። ቆምኩ! ሃይሩፉ ውስጡ ወደ 2 ሜትር ይጠጋል፣ ጣሪያው ለብሶም እጄን ማንሳት እችላለሁ። የፊት ወንበሩ ማዞሪያ ተገዝቶለት ወደ ኋላ ይዞራል፣ ጋቢናውም የቤቱ አካል ይሆናል። መካከለኛው 5.93 ሜትር ነው፣ ከአዲሱ ሃይስ ጋር እኩል ማለት ይቻላል፣ የሚቆምበት ቦታ አይበልጥም፣ ኑሮው ግን ሁለት እጥፍ ነው። የነዳሁት በኋላ ጎማ የሚገፋ ነው፣ ኋላው ሲከብድ ኮረኮንች ዳገት ላይ መሬት ይቆነጥጣል። አውሮፓውያን ለዚህ ሥራ አብዝተው የሚመርጡት ፊያት ዱካቶን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ውስጡ 1.87 ሜትር ስለሚሰፋ በወርድ ያስተኛል። ግን ዱካቶ በፊት ጎማ ነው የሚሳብ። ኋላው ተጭኖ እርጥብ ዳገት ላይ ሲቆም ፊቱ ይቀልና ጎማው ይሽከረከራል። ለኛ ክረምት አልመረጥኩትም።

ታዲያ ስፕሪንተር ለምን አልገዛም? ሁለት ነገር። ቁመቱ ከውጭ ከ2.6 ሜትር በላይ ነው፣ የኔ ግቢ በር አያስገባውም፣ የደሴ ሠፈር ውስጥ መንገድም ያስጨንቃል። ሁለተኛው የናፍጣ ሞተሩ ነው። አዳዲሶቹ ጭስ ማጣሪያ አላቸው፣ ጭሱን የሚያጸዳ አድብሉ የሚባል ፈሳሽም ይጠጣሉ። ማጣሪያው አጭር አጭር መንገድ ብቻ ሲነዳ ይደፈናል፣ አድብሉ ሲያልቅ ደግሞ ሞተሩ አንዴ ከጠፋ መልሶ አይነሳም። የምትገዙ ከሆነ ፈሳሹን ከየት እንደምታገኙ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ሁለት ጀሪካንም ትርፍ ያዙ።

መስታወቱን ልረሳው ነበር። እኛ ጋ የምናገኘው ሃይስ አብዛኛው የሰው መጫኛ ስለሆነ ዙሪያውን መስታወት ነው። ለጉዞ ያምራል። ኅዳር ላይ ደሴ አድራችሁበት ጠዋት ስትነሡ ግን መስታወቱ ላብ አውጥቶ ውሃው ፍራሹ ላይ ይወርዳል። ኮምቦልቻ ቀትር ላይ ደግሞ ምድጃ ይሆናል። ከሦስት ጎን ያለውን በፎምና በኮምፔርሳቶ ዝጉት፣ ሁለት የሚከፈት ብቻ ተዉ። ወንበር ከመንቀላችሁ በፊት ደግሞ ሊብሬው ላይ የተጻፈውን የሰው ብዛትና አገልግሎት አይታችሁ መንገድ ትራንስፖርት ጠይቁ፣ ቦሎ ላይ ከመጨቃጨቅ ይሻላል።

ቁመታችሁ ከ1.80 በላይ ከሆነ፣ ሰፊ በርና ገንዘብ ካላችሁ ስፕሪንተር። መኪናው እንጀራችሁም ከሆነ አዲሱ ሃይስ። እኔ ግን ባለ 2.5 ቱርቦውን አባዱላ ነው የማስበው። ቅዳሜ ሌላ ለማየት እሄዳለሁ፣ ባለቤቱ ሐረጎን ንዳው ብሎኛል። ፍራሹ በር ላይ ተጠቅልሎ ቆሟል፣ ሲሚንቶው ግን ግንብ ሆኗል፣ የምጭነው እየፈለግሁ ነው።