የሸክላ ጣሪያዬ ሁለት ዓመት፦ አካሉ ደህና፣ አናቱ ጉድ

«ጠብ» አለ። ትንሽ ቆየና ደግሞ «ጠብ»። ሐምሌ አጋማሽ ነው፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ተነስቼ ሳሎን ስገባ ምንጣፉ ርሷል። ኮርኒሱ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ክብ ወጥቷል። ቆርቆሮ ቤት ቢሆን ይቺን ጠብታ ማን ይሰማት ነበር? ሸክላ የገዛሁት ለጸጥታው ነው። ጸጥታውም አላሳፈረኝም፣ ጠብታዋን አንድ በአንድ አሰማኝ።

ቤቴ ሱሉልታ ነው፣ እንጦጦን ተሻግሮ። ጣሪያው ከተከደነ በዚህ ግንቦት 24 ወር ሞላው። ስለ ሸክላው ራሱ ብዙ የምለው የለኝም። በረዶ ሲወርድ ጎረቤቶቼ ስልክ ማውራት ያቅታቸዋል፣ እኛ ቡናችንን እንጠጣለን። ፀሐይ ሲከር ቤቱ አይግልም። በቃ።

ጉዱ ያለው አናቱ ላይ ነው። ሁለቱ ተዳፋት የሚገናኙበትን መስመር የሚሸፍኑ ጎባጣ ሸክላዎች አሉ። ሻጩ «ሪጅ ካፕ» ይላቸዋል፣ እኔ ቆብ ነው የምላቸው። የእኔ ቤት ላይ 24 ናቸው። ሁሉም በሲሚንቶ ተይዘው ነው የተቀመጡት። የመጀመሪያውን ክረምት ቻሉት። በሁለተኛው ሲሚንቶው ተሰነጠቀ።

ሻጩን በሐሳቤ ስንት ጊዜ ተጣላሁት መሰላችሁ! «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ለልጅ ልጅ ነው» ብሎኝ ነበር። እሺ፣ ሸክላው ለልጅ ልጅ ይሁን። መሃል ያለው ሲሚንቶስ ለማን ነው? «የገጠመው ሰው ጥፋት ነው» እንደሚለኝ አውቃለሁ። የገጠመውን ሰው ያመጣልኝ ግን ራሱ ነው።

የእኔም ጥፋት አለበት። እዚያው ሐምሌ ውስጥ፣ በሁለት ዝናብ መሃል፣ አንድ ጎረምሳ አውጥቼ ስንጥቁ ላይ ሲሚንቶ አስቀባሁ። አሥር ቀን ቆየ። ከዚያ ሲሊከን ገዛሁ። እርጥብና አቧራማ ሸክላ ላይ ሲሊከን ምኑን ይይዛል? በጣቴ ስስበው እንደ ቂጣ ልጥ አለ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛሉ፣ ግማሽ የሚጠጋው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ሳፋዬ ይመስክር። ባለቤቴ ሳፋውን በደፋች ቁጥር «እኔ ቆርቆሮ ይሁን ብዬ ነበር» ትላለች። ብላ ነበር፣ አልክድም።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ አረጋዊ ግንበኛ አገኘሁ። የድሮ ቪላዎችን የሸክላ ጣሪያ ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። ጣሪያው ላይ ከመውጣታቸው በፊት ኮርኒሱ ውስጥ ገቡ። «መብራቱን አጥፋው» አሉኝ። በቀትር፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ፣ አናቱ ላይ የብርሃን ክር ታየ። ሦስት ቦታ! አንዱም ከሳሎኑ በላይ አልነበረም። ውሃው በዚያ ይገባና ሞራሌውን ተከትሎ ሁለት ሜትር ያህል ሄዶ ነው የሚንጠባጠበው። እኔ ያንን ሁሉ ስለጥፍ የከረምኩት ሌላ ቦታ ነው።

«ልጄ፣ እንጨቱ እርጥብ ነበር» አሉ ሲወርዱ። ባሕር ዛፉ ሳይደርቅ ተመታ፣ ከላዩ በካሬ 40 ኪሎ ገደማ ሸክላ ተጫነበት። እየደረቀ ሲሄድ ተኮማተረ፣ ትንሽም ጎበጠ። ሲሚንቶ አብሮ መጉበጥ አያውቅም፣ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ የሱሉልታ ኅዳርና ታኅሣሥ አለ። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ውርጭ ነው። «ደግሞ ሲሚንቶ አብዝቶበታል» አሉኝ። «ሲበዛ የሚጠነክር ይመስላቸዋል። ሲደርቅ ግን ይሰበሰብና ይተረተራል።»

24ቱም ቆቦች ወረዱ። አሮጌው ሲሚንቶ በመሮ ተለቅሞ ወጣ። ቆቦቹ በርሜል ውስጥ ተነከሩ፤ ደረቅ ሸክላ የድብልቁን ውሃ መጥጦ ሳይጠነክር ያስቀረዋል። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሦስት እጅ አፈር የሌለበት አሸዋ። እኔ ከቆቡ ሥር ሞልተው እንዲጠቀጥቁት ፈልጌ ነበር። ተቆጡኝ። በሁለቱ ጠርዝና በየመገናኛው ላይ ብቻ ነው የሚደረገው። መሃሉ ክፍት ይቀራል፣ እንጨቱም አይታፈንም። ጫፍና ጫፍ ያሉትን ቆቦች ንፋስ ቀድሞ የሚይዘው እነሱን ስለሆነ በሽቦ ከእንጨቱ ጋር አሰሯቸው። ከዚያ ፀሐይ ቶሎ እንዳያደርቀው አናቱ በሙሉ እርጥብ ጆንያ ለብሶ ሰነበተ። ጎረቤቴ «ቤቱን ምን አመመው?» አለኝ።

የአንድ ወር ደመወዜ እዚያ ላይ ቀረ። እሱም ይሁን። ያንገበገበኝ በኋላ የሰማሁት ነው። ለካ ቆብ ያለ ሲሚንቶም ይገጠማል! ከሥሩ ውሃ የማያስገባ ተጣጣፊ ጥቅልል ይነጠፋል፣ ቆቡ በማይዝግ ብሎን ከእንጨቱ ጋር ይታሰራል። እንጨቱ ትንሽ ቢንቀሳቀስ የሚሰነጠቅ ነገር የለም። ሻጩ ይሄን ያውቅ ነበር? ካወቀ ለምን አልነገረኝም? ካላወቀስ ምን ብሎ ነው ጣሪያ የሚሸጠው?

ሚያዝያ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ለአንድ ሰዓት ያህል ወረደብን። ባትሪ ይዤ ኮርኒስ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። አንዲት ጠብታ የለችም። ያን ዕለት ብትጠይቁኝ፣ ሸክላ ግዙ፣ ዓይናችሁን አትሹ እላችሁ ነበር።

ትናንት ግን ከግቢ ቆሜ ሳይ፣ ከበሩ በላይ ካለው ቆብ አጠገብ ፀጉር የምታህል መስመር ያየሁ መሰለኝ። ስለዚህ ዛሬ ብትጠይቁኝ፣ ቆርቆሮ። ባለቤቴ የሸረሪት ድር ነው ትላለች። ግንበኛው ቅዳሜ መጥቼ አየዋለሁ ብለውኛል። ሳፋውን ግን ከጓዳ አውጥቼ ሶፋው ኋላ ደብቄዋለሁ፣ እሷ እንዳታየው።