የኮርቢንን ንግግሮች በ«ዜይ ወርክ ፎር ዩ» ላይ ሳነብ

እንግሊዝ አገር የምትኖሩ ወገኖች፣ ይሄ ድረ ገጽ በነጻ ነው፣ ግቡበት። ዜይ ወርክ ፎር ዩ ይባላል። ፖስት ኮዳችሁን ስታስገቡ የአካባቢያችሁን የፓርላማ አባል ያወጣላችኋል። ምን ተናገረ፣ ምን ጠየቀ፣ ድምፁን ለየትኛው ወገን ሰጠ፣ ከማን ስጦታ ተቀበለ፣ ሁሉም አለ። በ2004 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) በጎ ፈቃደኞች ጀመሩት፤ አሁን ማይሶሳይቲ የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት ያስተዳድረዋል። የመንግሥት አይደለም። ንግግሮቹን የሚወስደው ግን ሃንሳርድ ከሚባለው የፓርላማው ይፋ መዝገብ ነው።

እኔ የታክሲ ሹፌር ነኝ። ሂትሮው ተሰልፈን ተሳፋሪ ስንጠብቅ ሌላው ቲክቶክ ያያል፣ እኔ የፓርላማ ክርክር አነባለሁ። ጓደኞቼ «አንተ ሰውዬ፣ ልትወዳደር ነው እንዴ?» ይሉኛል። ይበሉ።

ድረ ገጹን ለመፈተሽ ከጄረሚ ኮርቢን የተሻለ ሰው የለም። ውደዱት ጥሉት፣ የእናንተ ጉዳይ ነው። ከ1983 ጀምሮ ለንደን ውስጥ ያለው የኢዝሊንግተን ኖርዝ ምርጫ ክልል ተወካይ ነው። ለረጅም ዘመን ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ተራ አባል ነበር፤ በ2015 ያኔ ተቃዋሚ የነበረው የሌበር ፓርቲ መሪ ሆነ፤ በ2024 ደግሞ ያለ ፓርቲ ተወዳድሮ እዚያው አሸነፈ። የአንድ ሰው አነጋገር ወንበሩ ሲቀየር እንዴት እንደሚቀየር ማየት የሚፈልግ እሱን ይክፈት።

እኔ የከፈትኩት ግን ለአንዳርጋቸው ጽጌ ጉዳይ ስል ነው። የዚህ አገር አበሻ ታሪኩን ያውቀዋል። አቶ አንዳርጋቸው የኢትዮጵያን መንግሥት ይቃወሙ የነበሩ ፖለቲከኛና የእንግሊዝ ዜጋ ናቸው፤ ቤተሰባቸውም ለንደን ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2009 በሌሉበት ሞት ተፈርዶባቸዋል። በጁን 2014 የመን፣ ሰንዓ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተያዙና ኢትዮጵያ ተወሰዱ። የምርጫ ክልላቸው ተወካይ ኮርቢን ነበር። እኛ ያኔ ሰልፍ እየወጣን ስንጮህ ፓርላማ ውስጥ ምን እየተባለ እንደሆነ የምንሰማው በወሬ ወሬ ነው። አሁን ቁጭ ብሎ ጥያቄና መልሱን በቀን ተራ ማንበብ ይቻላል።

እንደዚያ ሲነበብ አንድ ነገር ፍንትው ብሎ ይታያል። ጠያቂዎቹ «ለምን ይፈታ አትሉም?» ይላሉ። ሚኒስትሮቹ ስለ ቆንስላ ጉብኝት፣ ስለ ጠበቃ፣ ስለ ሕጋዊ ሥርዓት ይመልሳሉ። መልሱ ጨዋ ነው፣ ረጅም ነው፣ «ይፈታ» የምትለዋ ግን የለችበትም። አንዱን መልስ ብቻ ብታነቡ የተደከመለት ይመስላችኋል። ደርድራችሁ ስታነቡ ነው ሰዎቹ ከቆሙበት ንቅንቅ እንዳላሉ የሚገባችሁ። በጁን 2016 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ፊሊፕ ሃመንድ አዲስ አበባ ሄዶ የተመለሰው ጠበቃ እንዲያገኙ ቃል ተገብቶለት ነው። አቶ አንዳርጋቸው የተፈቱት በሜይ 2018 ነው፣ ያውም አዲስ አበባ ላይ መንግሥት ሲቀየር። በመሃል ኮርቢን መሪ ሆኖ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። የተቃዋሚው መሪ ረቡዕ ረቡዕ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ስድስት ጥያቄ አለው፤ ጥያቄዎቹ ግን በአብዛኛው በትልልቁ የአገር ጉዳይ ያልቃሉ።

ድምፅ አሰጣጡም የራሱ ገጽ አለው። ኮርቢን ከ1997 እስከ 2010 የገዛ ፓርቲው ሥልጣን ላይ እያለ ከ400 ጊዜ በላይ የፓርቲውን ትእዛዝ ጥሶ ድምፅ ሰጥቷል። ገጹ ለጥድፊያ ሰው ድምፁን ያሳጥርለታል፤ «ይህን ሁልጊዜ ይደግፋል፣ ያንን ይቃወማል» ይላል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ሕጉ አነሰ ብሎ የተቃወመና ሕጉ በዛ ብሎ የተቃወመ ሰው ማጠቃለያው ላይ እኩል ይቀመጣሉ። ለምን እንደተቃወመ ማወቅ የፈለገ የዚያን ቀን ንግግሩን ይክፈት።

ቁጥርም አያታልላችሁ። ድረ ገጹ አባላቱን በንግግር ብዛት ሲያወዳድር አንዳንዶቹ ቁጥር ለማሟላት ብድግ ብለው ሁለት ቃል ተናግረው መቀመጥ ጀምረው ነበር። እንደ ዕድር ጥሪ፣ ስሙ ከተጠራ ይበቃዋል። ገጹ ራሱ ቁጥር ጥራትን እንደማይለካ ጽፎ አስጠንቅቋል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጻድቅ ላይ አንድ የምርጫ ቀስቃሽ ወረቀት ይዞ መጣ። የኛ ሰው ስለ ኢትዮጵያ ሁሌ ይናገራል አለን። ስልኬን አውጥቼ የሰውየውን ስም ከ«ኢትዮጵያ» ጋር ፈለግሁ። አንድ የጽሑፍ ጥያቄ ወጣ። አንድ። አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ መነጽራቸውን አውጥተው አዩና «ይቺው ናት?» አሉ። ልጁ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ቡናና ዳቦ ግን ሰጥተነዋል።

ለፍትሕ ስል ደግሞ ይሄን ልበል። የፓርላማ አባል ሥራ ንግግር ብቻ አይደለም። የቤት ጉዳያችሁን ይዛችሁ ቢሮው ብትሄዱና ለካውንስል ደብዳቤ ቢጽፍላችሁ እዚህ ገጽ ላይ አታገኙትም። በፌብሩዋሪ 2015 ኮርቢን የነበረበት የፓርላማ አባላት ቡድን በአቶ አንዳርጋቸው ጉዳይ ኢትዮጵያ ሊሄድ አስቦ ጉዞው ተሰርዟል፤ ያም ሩጫ እዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ድምፀትም አይታይም። ሃንሳርድ ድግግሞሹንና ስህተቱን አስተካክሎ ነው የሚጽፈው፤ አዳራሹ ሲናወጥ «ጣልቃ ገብነት» ብሎ ያልፈዋል። ጩኸቱን የሚፈልግ ቪዲዮውን ይይ።

ይሄን ሁሉ ሳነብ አራት ኪሎ ትዝ ይለኛል፣ አልዋሽም። ከ2010ሩ ምርጫ በኋላ 547 ወንበር ባለው ምክር ቤት የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭ አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበሩ። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው! እሳቸው የተናገሩትን እኔ የማየው ዩቲዩብ ላይ ተቆራርጦ፣ ርዕሱ «ግርማ አፋጠጠው» ተብሎ፣ ከጀርባው ሙዚቃ ገብቶበት ነው። ከዚያ በፊት ምን ተባለ፣ ሚኒስትሩስ ምን መለሰ፣ ቆራጩ ይወቀው። እንዲህ ያለ ገጽ ላይ በቀን ተራ፣ ከነመልሱ ቢቀመጥ ስንት ነገር ይነበብ ነበር።

ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ ከአምስት አራት ተኩል። ግማሿን የቀነስኳት በድምፅ ማጠቃለያው ነው።

ልትጀምሩ ካሰባችሁ መጀመሪያ የኢሜይል ማሳወቂያውን ሙሉ። «ኢትዮጵያ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ብቻ አስገቡ፤ የሁለቱም ምክር ቤቶች፣ የኮመንሱም የሎርዶቹም ጥያቄ ተሰብስቦ ይመጣላችኋል። የሰው ስም ስትፈልጉ በአንድ አጻጻፍ አትቁሙ። አቶ አንዳርጋቸው መዝገቡ ውስጥ አንዳንዴ በሙሉ ስማቸው፣ አንዳንዴ «አንዲ» ተብለው ነው ያሉት። ሁለቱንም ሞክሩ።