ጣና ላይ ወፍ ለማየት የሞተር ጀልባ ለምትከራዩ

ከውጭ መጥታችሁ ባሕር ዳር ላይ ወፍ ለማየት የምታስቡ ወገኖቼ፣ ለሞተር ጀልባ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። የሄድኩት በጥቅምት መጨረሻ፣ የአውሮፓ ብርድ ያባረራቸው ወፎች ሐይቁ ዳር በሚሰፍሩበት ወቅት ነው። በጀልባው ቀን ግን ከወፍ ይልቅ የባለ ጀልባውን ጀርባ ሳይ ዋልኩ።

ስምምነታችን ግልጽ ነበር። ጀልባው ለእኔ ብቻ፣ መነሻው ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ጉዞው ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበትና በደብረ ማርያም ደሴት ዙሪያ ወዳለው ደንገል፣ ዋጋው 4,000 ብር። ወፍ በደንብ የሚታየው ፀሐይ ሳትበረታ መሆኑንም ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። በቀጠሮው ሰዓት ሐይቁ ዳር የተገኘነው እኔና አንድ ውሻ ነን። ስደውል «እየደረስኩ ነው»፤ እንደገና ስደውል «ቤንዚን እየቀዳሁ ነው»፤ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ብቅ ያለው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ያውም ከአዲስ አበባ የመጡ ጎልማሶችን አስከትሎ። «መንገዳችን ላይ እናደርሳቸዋለን፣ እትዬ» አለኝ። መንገዳችን ላይ የተባለው ክብራን ገብርኤል ነው! ወደ ዓባይ መውጫ የሚሄድ ሰው በክብራን እንደማያልፍ እሱም ያውቃል። ሴት ወደማይገባበት ገዳም፣ እኔ በተከራየሁት ጀልባ ሄደን፣ ወንዶቹ ተሳልመው እስኪመለሱ ድረስ ጀልባው ውስጥ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ቅሬታዬ ከገዳሙ ጋር አይደለም፤ ሥርዓቱን አከብራለሁ። ከጎልማሶቹም ጋር አይደለም፤ እነሱም ከፍለዋል። እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው፤ አንዱን ጀልባ ሁለት ጊዜ ሸጦታል።

ዓባይ መውጫ ስንደርስ ረፋዱ አልፏል። ነጫጭ ፔሊካኖች፣ ከምንቃራቸው ሥር ከረጢት ያላቸው ትልልቅ የውሃ ወፎች፣ ግን አሁንም ተሰብስበው ነበር። ካሜራዬን ሳወጣ ባለ ጀልባው ሞተሩን አስጮኸና መሐላቸው ገባ። ሁሉም ተነሥተው ሄዱ። «ሲበሩ ነው ፎቶው የሚያምረው» ብሎ በኩራት ዞሮ አየኝ። ደግ የሠራልኝ መስሎታል፤ ለዚያም ነው የምናገረው የጠፋኝ። ከዚያ በኋላ ጉማሬ ላሳይሽ አለ። ጉማሬ ማን ጠየቀ?

ሂሳቡ ላይ 7,000 ብር ተባልኩ። «ቤንዚኑ ከጥቁር ገበያ የተገዛ ነው፤ ክብራን ላይ የቆምንበትም ይታሰባል» አለኝ። የጠበቅኩት እኔ፣ የመጠበቂያውን የምከፍለውም እኔ። ቢጫ ካርዴን፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን፣ አውጥቼ የአገሬ ልጅ ነኝ ብል «በዩሮ ስታስቢው እኮ ምንም አይደለም» አለኝ። አላፊ አግዳሚው ለሽምግልና ተሰብስቦ በ5,500 አስታረቀን፤ ደረሰኝ ግን የለም። እኔ ከምኖርበት ከበርሊን ብዙም በማይርቀው ሊኑም በየመኸሩ ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም አንገት ወፎች በአሥር ሺዎች ያርፋሉ። ሰው ከሩቅ ቆሞ ያያል እንጂ ወፎቹ መሐል የሚገባ የለም። እንዲህ ሳወዳድር ዘመዶቼ «ጀርመን ሆነሻል» እያሉ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

ያዳነኝ ታንኳ ነው። አንድ አዛውንት ከደንገል በተሠራች ታንኳቸው፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ያለ ምንም ድምፅ ወደ ዳርቻው ሣር አስገቡኝ። መቀመጫዬ ረጥቧል፤ ግድ አልሰጠኝም። ቅጠል ላይ የሚራመደው ባለ ረጅም ጣት ጃካና፣ ውሃው ላይ እየተንቀጠቀጠ ቆሞ ድንገት የሚወረወረው ጥቁርና ነጭ ዓሣ አጥማጅ ወፍ፣ ከሰሜን የመጡት ጭራቸውን የሚወዘውዙ ቢጫ ወፎች፣ ሁሉም በቅርብ። «ልጄ፣ አትነሺ፤ እሱ ራሱ ይመጣል» ይሉኝ ነበር፤ ይመጣልም። ዋጋው አስቀድሞ የተነጋገርነው ነው፤ አልተጨመረም።

ከጣና በስተ ምሥራቅ ያለውን የፎገራን ሜዳ ከባሕር ዳር በመኪና ነው ያየሁት፤ እዚያ ያለችው ከተማ ወረታ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ነው። ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ውሃ አዘል መሬቶች ላይ ክሬኖቹ ገብተዋል። የሊኑሞቹ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ስፔን ይወርዳሉ፤ ወደ እኛ የሚመጡት ከሩሲያና ከባልቲክ አገሮች በኩል የሚነሡት ናቸው። ቢሆንም ያንን የመለከት የመሰለ ጩኸት ፎገራ ላይ ስሰማ የማውቀው ሰው የጠራኝ መሰለኝ። ውሃው ሲሸሽ መሬቱ ወዲያው ይታረሳል፤ ዙሪያው ሩዝና ሽምብራ ነው፤ ወፎቹም ገበሬውም አንድ እርጥበት ላይ ተፋጠዋል። የሽምብራው ባለቤት ስለ ክሬን ያለው አስተያየት ከእኔ ጋር አይገጥምም፤ እሱም እውነት አለው። ሾፌሩ ጠንቃቃና ሰዓት አክባሪ ነበር፤ ሳይመሽ እንመለስ ስላለ ግን ክሬኖቹ ለማደር ሲሰበሰቡ ማየት አልቻልኩም።

ሆቴሌን አልወቅስም። ቁርሴን ሌሊት ቋጥረው ሰጥተውኛል፤ ዋርካው ላይ ደግሞ ትልልቅ ምንቃር ያላቸው ወፎች ጠዋት ጠዋት ይጮሃሉ፤ የማንቂያ ሰዓት አያስፈልግም።

ለገና የምትመጡ አልረፈደባችሁም፤ ክሬኖቹ እስከ የካቲት አካባቢ ይቆያሉ። ለፎገራ ቦት ጫማ ያዙ፤ የመንገዱን ሁኔታ ከመውጣታችሁ በፊት በዚያው ቀን ጠዋት ጠይቁ። የግድ የሞተር ጀልባ ከሆነባችሁ ደግሞ ግማሹን ብቻ ቀድማችሁ ክፈሉ፤ ከእናንተ ሌላ ሰው ሲሳፈር ካያችሁ አትሳፈሩ።