በግ ወይስ ማሽላ? ገበያ ሲዘጋ የሚያዋጣው ጥሪት

ኮሮና በመጋቢት 2012 ኢትዮጵያ ገብቶ አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ፣ ወሎ ውስጥ ጥሪቱን በበግ የያዘና በእህል የያዘ ቤተሰብ የገጠመው ችግር ለየቅል ነበር።

በግ ይራባል፤ ካረገዘ በ5 ወር ገደማ ይወልዳል። ችግሩ ሁሉም ሲቸግረው በአንድ ሰሞን ለሽያጭ ማውጣቱ ነው። ነጋዴ ከደሴና ከኮምቦልቻ ካልመጣ ዋጋው ይወድቃል፤ መኖ ግን መጠየቁን አይተውም።

ማሽላ ገዥ አያስፈልገውም፣ ይበላል። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ብንይዝ፣ 5 ሰው ላለበት ቤት የ3 ወር ቀለብ 225 ኪሎ ነው። ጠላቱ ነቀዝ ነው። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ያለ መድኃኒት ይገድለዋል፤ እህሉ ግን በደንብ መድረቅ አለበት። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እህልና ደረቅ ጨው ከትቶ መነቅነቅ፣ ሩብ ሰዓት መጠበቅ። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እንደገና ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ሁለቱ የውስጥ ላስቲኮች አየራቸው ተጨምቆ ለየብቻ ይታሰራሉ። በየሳምንቱ እየፈቱ መዝገን ነቀዙን መልሶ ያስተነፍሰዋል፤ ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። (ጤፍን ነቀዝ ስለማይደፍረው ከረጢቱን አያባክኑበት።)

ስለዚህ የ3 ወሩ ቀለብ ሳይሞላ እህል ሸጦ በግ መግዛት አያዋጣም። ከሞላ በኋላ የተረፈው ሁለት እናት በግ ይገዛበት፤ የደስታ መሰል በሽታ (በግና ፍየል የሚገድል ተላላፊ በሽታ) ክትባታቸው ግን አይለፍ።