የድሮውን አፕ ለመመለስ፦ ዝማኔ ማራገፍ ወይስ የቆየ ኤፒኬ መጫን?

አፕ አዘምነን ስልኩ መንቀርፈፍ ሲጀምር የድሮው ይናፍቀናል። አንድሮይድ ላይ ወደ ኋላ መመለሻው መንገድ ሁለት ነው።

አንደኛው ቀላል ነው። እንደ ክሮም ከስልኩ ጋር ለመጡ አፖች፣ ቅንብሮች ውስጥ ገብታችሁ ዝማኔዎቹን ታራግፋላችሁ። ፋይል ፍለጋ የለም፤ ቫይረስም አያሰጋም። ግን ምርጫ አይሰጥም። ያለፈውን ወር ስሪት ብትፈልጉም የሚመልሳችሁ ከፋብሪካ ወደመጣው ነው።

ሁለተኛው የቆየ ኤፒኬ፣ ማለትም የአፑን መጫኛ ፋይል፣ አውርዶ መጫን ነው። ይህ የፈለጋችሁትን ስሪት ያስመርጣል። ራሳችሁ ለጫናችኋቸው እንደ ቴሌግራም ላሉ አፖችም መንገዱ ይኸው ነው። ዋጋው ግን ከበድ ይላል። አንድሮይድ አሮጌውን በአዲሱ ላይ አይጭንም፤ መጀመሪያ ያለውን ማጥፋት አለባችሁ። የቴሌግራም መደበኛ ቻት ሰርቨር ላይ ስላለ ተመልሶ ይመጣል፤ ሚስጥራዊ ቻቱ ግን ይጠፋል። ዋትስአፕን ባክአፕ ሳትይዙ እንዳትነኩት፣ አደራ! ፋይሉንም ማንም ቻናል ላይ የለጠፈውን አትውሰዱ። ኤፒኬሚረር የተባለው ድረ-ገጽ የአፑን ዲጂታል ፊርማ (ፋይሉ ከአፑ ሠሪ መምጣቱን የሚያሳየውን) አመሳክሮ ስለሚያወጣ እሱ ይሻላል።

ደህንነቱ ያሳስበኛል። በ2019 ዋትስአፕ ላይ በጥሪ ብቻ ስልክ ውስጥ ሰላይ ፕሮግራም የሚያስገባ ቀዳዳ ተገኝቶ ነበር። የተደፈነው በዝማኔ ነው። ወደ ኋላ ስንመለስ እንዲህ ያለውን ቀዳዳ መልሰን ልንከፍት እንችላለን። ይህ ስጋት በሁለቱም መንገድ አለ፤ የመጀመሪያው ግን የውጭ ፋይል ስለማያስገባ፣ የሚበቃችሁ ከሆነ እሱን ምረጡ፤ የባንክ አፕ ላይ ግን ሁለቱንም አልመክርም።

በየትኛውም ብትሄዱ ፕሌይ ስቶር ላይ የአፑን ራስ-ሰር ማዘመኛ አጥፉ። አለዚያ ዋይፋይ ሲያገኝ መልሶ ያድሰዋል።